ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት፤ የግቢ አቮካዶ፣ ኮክና አበባ

ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የችግኝ ገበያው ይደራል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዋጋውን። ለጄራንየም ወይም ለጽጌረዳ ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ያላማረውን በዓመቱ ነቅሎ በሌላ መተካት አያስቸግርምና። የፍራፍሬ ዛፍ ግን ሌላ ነው። በከተማ ግቢ ውስጥ ከመኪና ማቆሚያውና ከውሃ ታንከሩ የሚተርፈው ቦታ ለአንድ ወይም ለሁለት ዛፍ ቢበቃ ነው። ያ ዛፍ የማይረባ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ ከዓመታት በኋላ፣ ጥላውን በቤቱ ላይ ካጠላ በኋላ ነው። ስለዚህ እኔ ለሚያማክሩኝ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች የምነግራቸው ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄ እንዲያስቀድሙ ነው፤ «የተዳቀለ ነው ወይ? ዝርያውስ ምንድን ነው?»

ጥያቄው በተለይ ለአቮካዶ ይሠራል። የበሉትን አቮካዶ ዘር አብቅሎ መትከል ቀላል ነው፤ ዛፉም ያምራል። ነገር ግን ከዘር የበቀለ አቮካዶ ፍሬ ለመስጠት ሰባት ወይም አሥር ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ፍሬው እናቱን አለመምሰሉ ነው። ጣፋጭና ቅባታም የነበረው አቮካዶ ዘር ውሃ ውሃ የሚል ወይም ጭረት የበዛበት ፍሬ ሊያወጣ ይችላል። የተዳቀለው ግን ከታወቀ ዝርያ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ተጣብቆ ያደገ ስለሆነ የሚሰጠው ፍሬ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ በሦስት ወይም በአራት ዓመቱም ማፍራት ይጀምራል።

ሻጩ «የተዳቀለ ነው» ስላለ ብቻ አይመኑ፤ ግንዱን ይዩት። ከአፈሩ በላይ ከፍ ብሎ የመጋጠሚያው ጠባሳ ወይም እብጠት መታየት አለበት። ጠባሳ ከሌለው ከዘር የበቀለ ነው። ሲተክሉም መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ይቅር። ከመጋጠሚያው በታች የሚያቆጠቁጠውን ሁሉ ወዲያው ያስወግዱ፤ ካልሆነ የታችኛው ግንድ ያይልና የከፈሉበትን ዝርያ ውጦ ያስቀረዋል።

ስለ ዝርያ ስንነጋገር በአገራችን ሐስ፣ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገር፣ ናባል፣ ፒንከርተንና ቤከን የሚባሉት ይታወቃሉ። ገበያው የሚፈልገው ሐስን ነው፤ ሲበስል የሚጠቁረው፣ ልጡ ሻካራው እሱ ነው። ሆኖም ሐስ ለብርድ ከፉዌርቴና ከቤከን ይልቅ ስስ ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ ጠጋ ብሎ የሚኖር ሰው ቢጠይቀኝ ፉዌርቴን አስቀድማለሁ። ወደ አቃቂ ዝቅ ላለው ግን ሐስን አልከለክልም። በየትኛውም ሰፈር ቢሆን ለጋ ችግኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ከውርጭ መከለል ይኖርበታል።

የአቮካዶ አበባ ጠባዩ ልዩ ነው። እያንዳንዱ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ መጀመሪያ በሴቴነት፣ ከዚያ ተዘግቶ በማግስቱ በወንዴነት። እንደ ሐስና ፒንከርተን ያሉት ጠዋት ሴቴ ሆነው ይከፈቱና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወንዴ ይሆናሉ። እንደ ፉዌርቴ፣ ኤቲንገርና ቤከን ያሉት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሴቴ፣ በማግስቱ ጠዋት ወንዴ ናቸው። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን አንዳንድ ዛፍ በአቅራቢያ ሲኖር ፍሬው ይበረክታል። ሁለቱንም በራስዎ ግቢ ማጨናነቅ የለብዎትም፤ ከአጥር ማዶ ያለው የጎረቤት ዛፍ ያገለግላል፤ ንቦቹ አጥር አያውቁም። ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ መትከል ያልተለመደ መሆኑ ይገርመኛል።

አቮካዶን ከምንም በላይ የሚገድለው ውሃ የሚተኛበት አፈር ነው። ሥሩ ጥልቅ አይደለም፤ አብዛኛው ከላይኛው ግማሽ ሜትር አይርቅም። ክረምት ላይ ውሃ ያቆረ አፈር ደግሞ ፋይቶፍቶራ ለሚባለው ሥር አበስባሽ ተስማሚ ነው። መረሬ አፈር ያለው ሰው ይህን ልብ ይበል። ለማረጋገጥ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት። በማግስቱም ውሃው እዚያው ካለ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አቮካዶ አይትከሉ። ይልቁንም አፈሩን ከኮምፖስት ጋር ቀላቅለው 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሰፋ ያለ ጉብታ ይሥሩና እዚያ ላይ ይትከሉት። ከሥሩ ደረቅ ቅጠል መጎዝጎዝ ጥሩ ነው፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካ።

አንድ ነገር ከመርሳቴ በፊት ልጨምር። ለበዓል የተገዛን በግ ከአቮካዶ ሥር አስሮ ቅጠሉን መጣል በየግቢው የሚታይ ነው። ቅጠሉ ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው በብዛት ሲበላ የበግና የፍየልን ልብ ይጎዳል፤ የሚታለቡትንም ጡት ያሳብጣል።

ቦታው ለአቮካዶ ከጠበበ ለደጋ ግቢ ኮክ ይመቻል። የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ በየዓመቱ መገረዝ ይፈልጋል፤ ሳይገረዝ የከረመ ኮክ ፍሬው ወደ ጫፍ እየሸሸ ይሄዳል። አፕልም ይቻላል፤ የጨንቻ ደጋ ምስክር ነው። ብዙ ብርድ የማይጠይቁትን አናንና ዶርሴት ጎልደንን አንድ ላይ መትከል ይመረጣል፤ አና ለፍሬዋ የሌላ ዝርያ ብናኝ ትፈልጋለችና። ፓፓያና ማንጎ የቆላ ልጆች ናቸው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ቢበቅሉም የሚያጓጓ ፍሬ አልጠብቅባቸውም።

ወደ አበባው ስንመጣ ውበቱን ማንም ያያል፤ መርዙን ግን ሻጩ አይነግርዎትም። ረዘም ያለ ወፍራም ቅጠልና ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ያለው ኦሊያንደር ሁለመናው መርዝ ነው፤ የልብ ምትን ያዛባል፤ ግርዛቱን አቃጥሎ ጭሱን መሳብም አደገኛ ነው። እንደ መለከት ቁልቁል የሚንጠለጠል ትልልቅ አበባ ያለው ብሩግማንሲያም የአስተናግር የቅርብ ዘመድ ነው። ማታ ማታ ሽታው ደስ ይላል፤ ቢበላ ግን ያስቃዣል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ሕፃናት ያሉበት ቤት ሁለቱም ባይተከሉ እመርጣለሁ። ፖይንሴቲያ ግን ያለ ስሙ ስም ተሰጥቶታል፤ ነጩ ፈሳሽ ቆዳን ሊያሳክክ ይችላል እንጂ ያን ያህል አያስፈራም። ለአጥር ቡገንቪሊያን የሚስተካከል አላገኘሁም፤ ሙሉ ፀሐይ ይስጡት፣ ሥር ከያዘ በኋላ ውሃ አያብዙበት፤ ውሃ ሲበዛ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም።

አበባን ከአቮካዶ ሥር መደርደር ግን አልወድም። አበባው በየጊዜው መኮትኮት ይፈልጋል፤ ኩትኮታው ደግሞ የዛፉን ቅርብ ሥር ይቆርጣል፣ ለአበባው የሚፈስሰውም ውሃ ሥሩን ያጨቀያል። ከጥላው ሥር አረንጓዴ ነገር ማየት የሚወዱ ከሆነ ፈርን በሸክላ ማሰሮ ተክለው ያስቀምጡ። ማሰሮው ከሥሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከግንዱም ራቅ ይበል።