በግማሽ ነጥብ የጠፋው ዋንጫ

እ.ኤ.አ. በ1984 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ሲጠናቀቅ ኒኪ ላውዳ 72፣ አለን ፕሮስት 71.5 ነጥብ ነበራቸው። ግማሽ ነጥብ! በውድድሩ ታሪክ ከዚህ የጠበበ ልዩነት የለም። ሁለቱም የማክላረን ሾፌሮች ስለነበሩ የነዱት አንድ ዓይነት መኪና ነው። እንደ እኔ ምህንድስና ለተማረ ሰው ይህ ቤተ ሙከራ ይመስላል፦ መኪናው እኩል ከሆነ፣ ልዩነቱ ከሾፌሩ ነው። ግን ፕሮስት 7 ውድድር አሸንፎ፣ ላውዳ 5 አሸንፎ፣ ዋንጫውን የወሰደው ላውዳ ነው። ታዲያ ዕድል ነው?

ዕድል ነው የሚሉት ሞናኮን ይጠቅሳሉ። በዚያ ቀን ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ፕሮስት ይመራል፤ ከኋላው ወጣቱ አይርተን ሴና እየደረሰበት ነው። ፕሮስት ውድድሩ እንዲቆም በእጁ ምልክት ሰጠ፣ ቆመም፤ ውጤቱ በ31ኛው ዙር ተያዘና አሸናፊው እሱ ሆነ። ርቀቱ ስላልተሟላ ግን በ9 ነጥብ ፋንታ 4.5 ብቻ ተሰጠው። ውድድሩ ቀጥሎ ሴና ቢቀድመው እንኳ፣ ለሁለተኛ የሚሰጠው 6 ነጥብ ድምሩን 73 ያደርስለት ነበር። በቃ፣ ሻምፒዮን!

ቆይ ግን፣ በዚያ ዝናብ ግድግዳ ቢመታስ? ዜሮ። ላውዳ ራሱ እዚያው ሞናኮ ላይ መኪናው ተሽከርክሮበት ከውድድሩ ወጥቷል። 4.5 ማለት የ0 እና የ9 ልክ እኩሌታ ነው። ይህን መጥፎ ዕድል ለማለት እኔን ይከብደኛል።

ደግሞስ የላውዳን ዕድል ማን ቆጠረው? ከመጀመሪያዎቹ 4 ውድድሮች 3ቱን አልጨረሰም። በዓመቱ ከነበሩት 16 ውድድሮች እሱ 6 ጊዜ፣ ፕሮስት 5 ጊዜ ሳይጨርሱ ቀርተዋል። የላውዳ ኪሳራ የደረሰው ገና በጊዜ፣ ማንም ነጥብ በማይደምርበት ሰሞን ስለሆነ ተረሳ።

በጣም የምወደው የኦስትሪያውን ነው። ፕሮስት ከሌላ መኪና በፈሰሰ ዘይት ተንሸራቶ ወጣ። ላውዳ እየመራ ሳለ የማርሽ ሳጥኑ ተሰበረና አራተኛ ማርሽ ጠፋ። ሊያቆም አስቦ ነበር፤ ግን በቀሩት ማርሾች እያባበለ ቀጠለ። ሁለተኛ የነበረው ኔልሰን ፒኬ መሪው መኪና መታመሙን አላወቀም፤ ላውዳ ሆን ብሎ የቀዘቀዘ መሰለው። ላውዳ አሸነፈ። እስኪ ለዩልኝ፦ የማርሹ መሰበር መጥፎ ዕድል፣ የፒኬ አለማወቅ ጥሩ ዕድል፣ ሳያቆም መቀጠሉስ?

በመጨረሻው ውድድር፣ ፖርቱጋል ውስጥ ኢስቶሪል ላይ፣ ፕሮስት አሸነፈ። ላውዳ ሁለተኛ መውጣት ነበረበት፤ ከ11ኛ ተነስቶ ሦስተኛ ደረሰ። ከፊቱ የነበረው ናይጀል ማንሰል ፍሬን ከድቶት ወጣ። አዎ፣ ዕድል ነው። ግን 11ኛ ላይ ለቀረ ሾፌር የማንሰል ፍሬን ምን ይጠቅመዋል?

በቀጣዩ ዓመት ላውዳ አብዛኛውን ውድድር ሳይጨርስ ቀረ፤ ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው። ፕሮስት ሻምፒዮን ሆነ። ያኔም መኪናው አንድ ዓይነት ነበር፤ የ1985ቱን የላውዳ ብልሽት ግን እንደ ሞናኮ ግማሽ ነጥብ የሚያነሳው ሰው እምብዛም ነው።