አስመሳይ ፀረ-ቫይረስ

አቀስታ ከተማ ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስትገቡ፣ ኮምፒውተሩ ከተንቀራፈፈ «ቫይረስ ገባው» ይባላል፤ ፍላሽ ላይ የነበረ ደብዳቤ ከጠፋ ደግሞ «ቫይረስ በላው»። ቃሉ በላቲን መርዝ ማለት ነበር፤ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፍሬድ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ጽሑፍ ለኮምፒውተር አዋለው። «ፀረ-ቫይረስ» ስንል ግን «ፀረ» የራሳችን ነው፤ ከግዕዙ «ፀር»፣ ማለትም ጠላት፣ የመጣ። የአካባቢው የለጋምቦ ገበሬ «ፀረ-ተባይ» ሲል የተባዩን ጠላት ማለቱ ነው። በደርግ ዘመን «ፀረ-አብዮተኛ» እየተባለ ስንት ሰው አልቋል! ከባድ ቃል ነው፣ ለማንም አይሰጥም።

ድንገት ብቅ ብሎ «ኮምፒውተርዎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቫይረሶች አሉበት፣ አሁኑኑ ከፍለው ያጽዱ» የሚለውን ፕሮግራም ብዙዎች «ፌክ አንቲቫይረስ» ይሉታል። «ሐሰተኛ» ብለን ብንተረጉመውም ይቀለዋል። ሐሰተኛ ብር አይገዛም እንጂ ኪስ ውስጥ ያለውን ደህናውን ብር አይበላም፤ ይህ ግን እውነተኛውን መከላከያ ያጠፋል፣ ታስክ ማኔጀር እንዳይከፈት ያግዳል፣ የባንክ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጎጂዎቹን ኪሳራ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገምቶት ነበር። እኔ «አስመሳይ ፀረ-ቫይረስ» እንበለው እላለሁ፤ «አስመሳይ» ሲባል ሰው ወዲያው ይጠነቀቃል።

ከመጣ አትክፈሉ፣ የሚያሳየውንም ቁልፍ አትጫኑ። ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ ኮምፒውተሩን በማይክሮሶፍት ዲፌንደር የኦፍላይን ፍተሻ አስፈትሹ። ፍላሾቹንም አብራችሁ።