የሐሮማያ ሐይቅና የበጋ ጫት

ጥር 1950 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዓለማያን (የዛሬዋን ሐሮማያ) የእርሻ ኮሌጅ ሲመርቁ፣ የሐሮማያ ሐይቅ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ዳር ሙሉ ሆኖ ይታይ ነበር። ኮሌጁ የተቋቋመው በአሜሪካኖች የፖይንት ፎር እርዳታ፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህራን አጋዥነት ሲሆን ሥራው የገበሬውን ምርት ማሳደግ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ እዚያው አጠገቡ ያለው ሐይቅ ደረቀ።

ሐይቁን ያደረቀው የገበሬው ስንፍና አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ገበያ ያውቃል።

የሐረር ቡና ስሙ ዓለምን ያዳረሰ ቢሆንም ዋጋው አይታመንም፤ በ1981 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ሲፈርስ ደግሞ ጭራሽ አሽቆለቆለ። ጫት ግን ድርቅ ይችላል፣ በዓመት ከአንዴ በላይ ይቆረጣል፣ በረድፎቹ መካከል ማሽላ ያበቅላል። ቅጠሉ ቶሎ ስለሚጠወልግ ከአወዳይ ገበያ ተነሥቶ ጅቡቲና ሶማሊያ በፍጥነት መድረስ አለበት። ለዚህም ባቡሩ፣ በኋላም መኪናውና አውሮፕላኑ ደረሱለት።

ትርፉ ያለው በጋ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ቅጠሉ ገበያውን ያጥለቀልቀዋል፣ ዋጋው ይወርዳል። በደረቁ ወራት ማሳውን ያጠጣ ሰው ግን ሌላው በሌለው ጊዜ ይሸጣል። ስለዚህ የውሃ ሞተር በሐይቁ ዙሪያ በረከተ። ገበሬው የሚከፍለው ለሞተሩና ለነዳጁ ነው፤ ውሃው ነጻ ነው። አንዱ ሞተሩን ቢያጠፋ ጎረቤቱ ይስበዋል እንጂ ሐይቁ አይተርፍም።

ጫትን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። ድንቹና ሽንኩርቱም ከዚያው ሐይቅ ይጠጡ ነበር፤ የሐረር ከተማም እንዲሁ። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የሚኖረው በዝናብና በጎርፍ ነው። ዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ሲራቆቱ ጎርፉ ደለል ይዞ ገባ። በ1970ዎቹ ማብቂያ 8 ሜትር ገደማ ጥልቀት የነበረው ውሃ እየሸሸ ሄደ። ሐረርም ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው ወደ ደጋው በፓምፕ እያስገፋች ለማምጣት ተገደደች።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ውሃ ይዟል። አወዳይ ላይ ግን የበጋ ቅጠል ዛሬም ከክረምቱ ይወደዳል። በሐይቁ ዳር ያለ ገበሬ ያንን ዋጋ የሚተካ ሌላ ገቢ እስካላገኘ ድረስ፣ ሞተር መከልከል ብቻውን ሩቅ መሄዱ ያጠራጥራል።