በታክስ ሐራጅ ቤት ከመግዛታችን በፊት፦ የፌዴራል ታክስ ሊየንን እንዴት እንመርምር?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ጓደኛዬ ደውሎ «ቤት ገዛሁ እኮ! በ42,000 ዶላር!» አለኝ። ዕቁቡ ደርሶት፣ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ካጠራቀመው ጋር ደምሮ፣ ካውንቲው በንብረት ታክስ ዕዳ ምክንያት በሐራጅ ካወጣቸው ቤቶች አንዱን አሸንፎ ነበር። በዚያ ሰፈር ተመሳሳይ ቤት ከ150,000 ዶላር በላይ ያወጣ ስለነበር እኔም አብሬው ደስ አለኝ። በ112ኛው ቀን ግን የፌዴራሉ የገቢ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም አይ.አር.ኤስ.፣ ቤቱን ከእጁ ወሰደው። ነገሩ ማጭበርበር አልነበረም። ሕጉ በግልጽ የሚፈቅደው መብት ነው።

እኔ በሙያዬ መሐንዲስ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ይሁን እንጂ ነገሩ ስላንገበገበኝ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሕጉን እያነበብኩ የተረዳሁትን ለወገኖቼ ይጠቅማል ብዬ አቀርባለሁ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ ከሥሩ እንጀምር።

፩. የታክስ ሐራጅ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የቤትና የመሬት ታክስ የሚሰበስበው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። ባለቤቱ ሳይከፍል ሲቀር ንብረቱ ለሐራጅ ይቀርባል። አሠራሩ እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። እንደ ካሊፎርኒያ ባሉት የሚሸጠው ንብረቱ ራሱ ነው። እንደ ሜሪላንድ ባሉት የሚሸጠው ሰርተፊኬት ሲሆን፣ ገዢው ባለቤት የሚሆነው ጊዜ ጠብቆ ፍርድ ቤት ከሄደ በኋላ ነው። በጆርጂያ ደግሞ ገዢው ሰነድ ቢይዝም የቀድሞው ባለቤት ቢያንስ ለ12 ወራት ዕዳውን ከነቅጣቱ ከፍሎ ንብረቱን ማስመለስ ይችላል። ስለዚህ በአትላንታ ያለ ዘመድ የነገረን አሠራር ለሲልቨር ስፕሪንግ ላይሠራ ይችላል።

፪. የፌዴራል ታክስ ሊየን እንዴት ይፈጠራል?

ሊየን ማለት በዕዳ ምክንያት በንብረት ላይ የሚጣል የመያዣ መብት ነው። በፌዴራሉ የታክስ ሕግ አንቀጽ 6321 መሠረት፣ አይ.አር.ኤስ. ዕዳውን በመዝገቡ ካሰፈረና እንዲከፈል ከጠየቀ በኋላ ባለዕዳው ካልከፈለ፣ መያዣው በሰውየው ንብረት ሁሉ ላይ ያርፋል። ይህ መያዣ መጀመሪያ ላይ ለውጭ ሰው አይታይም። የሚታየው መሥሪያ ቤቱ የሊየን ማስታወቂያ በካውንቲው የመሬት መዝገብ ወይም ክፍለ ግዛቱ በወሰነው ሌላ ቢሮ ሲያስመዘግብ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የፌዴራል መንግሥት ስለሆነ ከሁሉም ይቀድማል» ይባላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ ለንብረት ታክስ ቅድሚያ እስከሰጠው ድረስ፣ አንቀጽ 6323 የካውንቲውን የንብረት ታክስ ከፌዴራሉ ሊየን ያስቀድመዋል። ታዲያ ጓደኛዬ ምን ነካው? መልሱ በአንቀጽ 7425 ውስጥ ነው።

፫. ሁለት ቁጥሮች፦ 30 እና 25

ሐራጁ ያለ ፍርድ ቤት የሚካሄድ ከሆነ መጀመሪያ የምንጠይቀው፣ የሊየኑ ማስታወቂያ ከሽያጩ ከ30 ቀናት በላይ ቀድሞ ተመዝግቧል ወይ የሚለውን ነው። ተመዝግቦ ከሆነ ሻጩ ወገን ለአይ.አር.ኤስ. ቢያንስ ከ25 ቀናት በፊት በጽሑፍ፣ በአደራ ደብዳቤ ወይም በአካል ማሳወቅ አለበት። ይህ ካልተደረገ ሊየኑ ከነነፍሱ ከንብረቱ ጋር ወደ ገዢው ይሻገራል። በአግባቡ ከተነገረ ግን ሊየኑ በክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ሊጠፋ ይችላል።

ሐራጁ በፍርድ ቤት በኩል ከሆነ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በክሱ ውስጥ ተካቶ መጠራቱን ማየት ያስፈልጋል። ክሱ ሲጀመር ማስታወቂያው ተመዝግቦ እያለ መንግሥት ካልተጠራ፣ ሊየኑ ባለበት ይቆያል።

፬. ሦስተኛው ቁጥር፦ 120

ጓደኛዬ የተያዘው በዚህኛው ነው። ካውንቲው ደብዳቤውን በጊዜው ልኮ ነበር፤ ሊየኑም ጠፍቷል። ነገር ግን ሊየኑ ቢጠፋም አይ.አር.ኤስ. ከሽያጩ ቀን ጀምሮ ለ120 ቀናት፣ ወይም የክፍለ ግዛቱ ሕግ የሚሰጠው የማስመለሻ ጊዜ የሚረዝም ከሆነ እስከዚያ ድረስ፣ ንብረቱን ከገዢው መልሶ የመግዛት መብት አለው። ቤቱ በርካሽ በተሸጠ ቁጥር መብቱን መጠቀሙ ለመንግሥት የበለጠ ያዋጣል። በሌላ አነጋገር፣ እኛን ያስደሰተን ርካሽ ዋጋ ራሱ አደጋውን ይጨምረዋል።

ለገዢው የሚመለስለት የከፈለው የሐራጅ ዋጋ፣ በዓመት 6 በመቶ ወለድ፣ ንብረቱን ለመጠበቅ የግድ ያወጣው ወጪ (ከንብረቱ ያገኘው ገቢ ተቀንሶ) እና ከሽያጩ በኋላ ቅድሚያ ላለው ሌላ ባለመያዣ የከፈለው ገንዘብ ነው። ቤቱን ለማሳመር የወጣ ገንዘብ፣ ንብረቱን ለማቆየት የግድ ካልሆነ በቀር፣ አይቆጠርም።

የጓደኛዬን ሒሳብ እንመልከት። 42,000 ዶላሩ ተመለሰለት። የ112 ቀን ወለዱ 773 ዶላር ገደማ ሆነ። ለሚያፈስ ጣሪያ ያወጣው 1,900 ዶላር ደረሰኝ ስለነበረው ተተካለት። ለአዲስ ኩሽናና ወለል ያፈሰሰው 11,000 ዶላር ግን ቀልጦ ቀረ። ቅዳሜና እሁዱን የፈጀበትን ጉልበትማ ማን ይቁጠረው!

፭. ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

አንደኛ፣ ሊየን የሚፈለገው በቤቱ አድራሻ ሳይሆን በባለዕዳው ስም ነው። በመጀመሪያ ከመሬት መዝገቡ የባለቤቱን ሙሉ ስም አውጡ። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለቱንም ፈልጉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 የፌዴራል ሊየን ባልና ሚስት በማይከፋፈል የጋራ ይዞታ በያዙት ንብረት ውስጥ ባለው የአንዱ ድርሻ ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ወስኗልና።

ሁለተኛ፣ የቀድሞ ባለቤቶችንም ፈልጉ። የቀድሞው ሰው ስም ላይ ተመዝግቦ የነበረ ሊየን ቤቱ ቢሸጥም ቤቱን ይከተላል።

ሦስተኛ፣ የስም አጻጻፍ። ይህ ለእኛ ሰዎች ልዩ ችግር ነው። «ኃይሉ» አንዱ ጋ በአይ፣ ሌላው ጋ በዋይ ይጻፋል። «ፀሐይ» በቲና በኤስ ወይም በኤስ ብቻ ሊጀምር ይችላል። «ገብረ መድኅን» ተነጣጥሎ ከተጻፈ «ገብረ» የመካከለኛ ስም ሆኖ ይቀራል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ መዝገብ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም መጨረሻ ላይ ያደርጋል። ሁሉንም አማራጮች ሞክሩ። በአንጻሩ የስም መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በማስታወቂያው ላይ ያለውን አድራሻ አመሳክሩ።

አራተኛ፣ ቀኑን ተመልከቱ። አይ.አር.ኤስ. ዕዳውን የሚሰበስብበት ጊዜ በመደበኛው 10 ዓመት ነው፤ ነገር ግን በተለያዩ ምክንያቶች ሊራዘም ይችላል። ማስታወቂያው ራሱ ዳግም መመዝገብ ያለበትን የመጨረሻ ቀን ይገልጻል። ስለዚህ «አሮጌ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ዳግም ተመዝግቦ ወይም የመልቀቂያ ሰነድ ወጥቶለት እንደሆነ አጣሩ።

አምስተኛ፣ በክሬዲት ሪፖርት አትተማመኑ። ሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት ድርጅቶች ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ የታክስ ሊየንን ከሪፖርታቸው አስወጥተዋል።

፮. ሊየን ካገኛችሁስ?

ሊየን ተገኘ ማለት ግዢው ቀረ ማለት አይደለም። ካውንቲው ለአይ.አር.ኤስ. ደብዳቤ የላከበትን ማስረጃ ጠይቁ። ቀኑን ቆጥሩ፤ 25 ይሞላል? ከገዛችሁ በኋላ የማስመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ ከጥበቃ፣ ከኢንሹራንስና ከአስቸኳይ ጥገና በቀር አንድ ሳንቲም አታፍስሱ፤ ደረሰኙንም ሁሉ ያዙ። መንግሥት የማስመለስ መብቱን በጽሑፍ እንዲተው መጠየቅም ይቻላል፤ አጠያየቁ በአይ.አር.ኤስ. ኅትመት ቁጥር 487 ተዘርዝሯል። ሊየኑ ራሱ ከንብረቱ ላይ እንዲነሳ ማመልከቻው ቅጽ 14135 ነው። ገንዘባችሁን ከማስያዛችሁ በፊት ደግሞ የታይትል ምርመራ አስደርጉ፤ የዚያውን ክፍለ ግዛት ጠበቃም አማክሩ። የጥቂት መቶ ዶላር ወጪ ከ11,000 ይሻላል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። ሊየን ስንፈልግ የምናገኘው ስም ሰው ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ብልጭ ያለ የሐበሻ ስም አይቼ ደንግጬ አውቃለሁ። ስልኩን አፈላልጌ ስደውል፣ ደብዳቤዎቹ ወደ ቀድሞ አድራሻቸው ይሄዱ ስለነበር ሐራጅ መድረሱን እንኳ ያልሰሙ እናት ሆነው ተገኙ። ቀኑ ስላላለፈ ልጆቻቸው ተሯሩጠው ከፈሉ። ለእኔ የዚያ ሁሉ ማታ ንባብ ትልቁ ትርፍ ያ ነበር። ጓደኛዬም ዛሬ በመደበኛው መንገድ በገዛው ቤት ይኖራል፤ ሐራጅ ያማረው ሰው ሲያገኝ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስሙን አጣርተሃል?» የሚል ነው።

ቸር ይግጠመን።