እንጨትን የሚያስታውስ ድንጋይ

ፋይል «ሴቭ» ለማድረግ የምንጫናት ምልክት የዲስኬት ሥዕል ናት። ዲስኬት የሚጠቀም ሰው ዛሬ የለም እኮ። ዕቃው ጠፋ፣ ቅርጹ ቀረ። ሶፍትዌር ስለምሠራ ይሆናል፣ ስለ ዋግ ሕንፃዎች ባነበብኩ ቁጥር ይህች ምልክት ትዝ ትለኛለች።

ከሰቆጣ ወጣ ብሎ የሚገኘው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። አለት ደግሞ ወጋግራ አይፈልግም፤ ራሱን ይሸከማል። ሆኖም የፊት ለፊቱ ቅርጽ የአክሱምን ግንበኞች አሠራር ይከተላል።

አክሱማውያን ግድግዳ ሲሠሩ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ ይደረድሩ ነበር። በርዝመት የተጋደመውን እንጨት ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ያስሩታል። ወደ ውጭ ብቅ የሚለው ጫፋቸው «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። ነገሩ ጌጥ አልነበረም፤ ግድግዳውን አንድ ላይ የሚይዝ ማሰሪያ ነው። በላስታ፣ ዋሻ ውስጥ በተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ድንጋዩና እንጨቱ አሁንም ተፈራርቀው ይታያሉ። በላሊበላው ቤተ አማኑኤል ግን ያው መስመር አለት ላይ ተቀርጿል። እንጨቱ የለም፣ መልኩ ብቻ አለ።

እንደ መሐንዲስ ካየነው የባከነ ድካም ይመስላል። ግን ሌላም አገር ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1866 ግንባታው የተጀመረውን የሲድኒ ዋና ፖስታ ቤት አርክቴክቱ ጄምስ ባርኔት የኢጣሊያን ህዳሴ ዘመን መልክ አለበሰው። ደብዳቤ ለመቀበል እኮ የጥንት ቅስት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ክብር ነው፤ ክብር ደግሞ ከቀደሙት ይወረሳል።

በእኛ አገር ይህ ውርስ የሥልጣን ጥያቄ ነበር። የዛጉዌ ነገሥታት ዙፋን የማይገባቸው ተደርገው ሲነገርባቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ለዛጉዌ ዘር ዋግ እንደተተወለት ትውፊት ይናገራል፤ ዋግሹሞችም የዚያ ዘር ነን ይሉ ነበር። በውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ የዋግሹሞች ናቸው የሚባሉ የደረቁ አስከሬኖች ይገኛሉ። ከዚሁ ቤት የወጣው ዋግሹም ጎበዜም ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ነግሧል።

እኔ እነዚህን ሕንፃዎች ስመለከት ለዚያ ክስ የተሰጠ መልስ ይታየኛል። የአገው ገዥዎች የአክሱምን መልክ አለት ላይ ሲያስቀርጹ «እኛም ወራሾች ነን» ማለታቸው ነው። ዜና መዋዕሉን አሸናፊ ይጽፈዋል፤ ግድግዳው ግን የባለቤቱን ቃል ይዞ ይቆያል።

ስለዚህ «ጌጥ ነው» ብሎ ማለፉ ያሳስበኛል። የግንብ ቤት እንጨቱ ቢበሰብስ ሌላ ይተካለታል። ከአለት የተቀረጸ ነገር ግን ውኃና ነፋስ ከሸረሸረው ሌላ ቅጂ የለውም። ከጥገና በፊት እያንዳንዱን መስመር ለክቶና ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ የእኔ ሙያ ሰዎችም ልንሠራው የምንችለው ሥራ ነው።