ልጅዎና ጉንዳኑ

ያገራችን ሰው ቁጫጭን ከጉንዳን፣ ጉንዳንን ከገብረ ጉንዳን ለይቶ ይጠራል። የሳይንስ ሰዎች ደግሞ እስካሁን ከ14,000 የሚበልጡ ዝርያዎችን መዝግበዋል። የገብረ ጉንዳን ሠራተኞች ዓይን ሳይኖራቸው በሰልፍ እየተመሙ ያድናሉ። የአውስትራሊያው «ቡል አንት» ግን ትልልቅ ዓይኖቹን ተማምኖ ብቻውን ይወጣል።

ስለ ጉንዳን ብዙ ካስተማሩን አንዱ ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ዊልሰን (እ.ኤ.አ. 1929–2021) ናቸው። በልጅነታቸው ዓሣ ሲያጠምዱ በደረሰባቸው አደጋ አንድ ዓይናቸውን አጥተዋል። በ10 ዓመታቸው ገደማ እዚህ ዋሽንግተን ይኖሩ ነበር። የከተማው መካነ እንስሳት ዲሬክተር ዊልያም ማን እ.ኤ.አ. በ1934 «ናሽናል ጂኦግራፊክ» ላይ ስለ ጉንዳን የጻፉትን አነበቡ። ሮክ ክሪክ ፓርክ ገብተው የበሰበሰ ግንድ ቅርፊት ሲልጡም የሎሚ ሽታ ያላቸው ቢጫ ጉንዳኖች አገኙ። ያ ፍቅር ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

የዚያ ፓርክ ወንዝ በሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያም ያልፋል። እንግዲህ ልጅዎ መሬት ላይ ተደፍቶ ጉንዳን ሲያይ «ተነሣ፣ ልብስህ ቆሸሸ» ለማለት አይቸኩሉ። አጠገቡ ቁጢጥ ብለው «ይኼ ቁጫጭ ነው፣ ያ ጉንዳን» ይበሉት። እንግሊዝኛው ሁሉንም ባንድ ስም ይጠራል፤ የኛን ስሞች ከእርስዎ ካልሰማ ከማን ይሰማል?