ጉልበት በደብረ ታቦር እንዴት ይሠራ ነበር

ደብረ ታቦርና ጉልበት አብረው ሲነሱ ቀድሞ የሚመጣው ሴባስቶፖል ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቀው ጋፋት ያሠሩት ይህ መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ መቅደላ እስኪደርስ ስድስት ወር ገደማ ወስዷል። መንገድ አልነበረምና እየተጠረገ ነው የተሄደው፤ ሠረገላውን 500 ያህል ሰው ይጎትተው ነበር፤ በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን እንደጻፉት ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ጥርጊያውን ይሠሩ ነበር። ይህን የሰማ ወጣት ጉልበት ማለት ከአቅም በላይ የሆነውን በአንድ ጊዜ መሸከም ነው ቢል አይፈረድበትም። ዛሬ ብረት ማንሳት ሊጀምር ጂም የገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን የጓደኛውን ክብደት ካላነሳሁ ብሎ የሚታገለው በዚሁ እምነት ነው። እኔ ግን የዚህ ደጋ ታሪክ ተቃራኒውን ያሳያል ባይ ነኝ፤ ጉልበት እዚህ ሲገነባ የኖረው ከቀላል ተነስቶ በዝግታ ነው።

ሴባስቶፖል ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። መድፉን የሠሩት ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና የጋፋት ባልደረቦቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሡ ሲያዟቸው አናውቅም አሉ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ትንንሾቹ ተሠርተው ትልቁ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን የገበሬው ቤት ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ፣ በፋርጣም ሆነ በእስቴ፣ ልጅ ሥራ የሚጀምረው ጥጃ በመጠበቅ ነው፤ ቀጥሎ በግ፣ ከዚያ ከብት ያግዳል፣ አረም ያርማል። እርፍ የሚጨብጥበት ጊዜ ሲደርስም ጠፍ መሬት ስበር አይባልም። ቀድሞ ታርሶ በለሰለሰ ማሳ ላይ፣ ሥራ በለመዱ በሬዎች ይሞክራል፤ ያልተገራው ወይፈን የአባትየው ፈንታ ነው፣ ወይፈኑም ከነባር በሬ ጋር እየተጠመደ ነው የሚለምደው። ልጁ አስቀድሞ የሚማረው ኃይል ማውጣትን ሳይሆን ትልም ማቅናትን፣ እርፉን መቼ ጫን መቼ ላላ እንደሚያደርግ ነው። ማታ ሞፈርና ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመለሳል። ሙሉው የእርሻ ዕቃ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ይመዝናል፤ ጂም ውስጥ ምንም ያልተጨመረበት ረጅሙ ብረት ደግሞ 20 ኪሎ ነው። በባዶ ብረት መጀመር የሚያሳፍረው ወጣት አያቱ ሙሉ ሰው ከሆኑም በኋላ የተሸከሙትን እየናቀ ነው።

እረፍቱም ከዚሁ ሥርዓት አይለይም። ቅዳሜና እሁድ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም በሬ አይጠመድም። የበዓል ብዛት አገር አደኸየ የሚለው ክስ የቆየ ነው፤ ስለ ምርቱ አልከራከርም። በዓሉ የሚከበረው ለጻድቃንና ለመላእክት እንጂ ለጡንቻ አይደለም ቢባልም እውነት ነው። ሰውነት ግን ከድካሙ አገግሞ የሚጠነክረው ባረፈበት ቀን ነው፣ እረፍቱ በምንም ምክንያት ይምጣ። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ዴሎርም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጎዱ ወታደሮችን ሲያክም፣ ክብደትን እየለኩ ቀስ በቀስ መጨመር የደከመ ጡንቻን እንደሚመልስ እ.ኤ.አ. በ1945 ጽፎ አሳተመ። ዛሬ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር ከዚያ ብዙ አልራቀም፦ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን መሥራት፣ የተያዘው ክብደት ሲቀልል ከ2 እስከ 10 በመቶ መጨመር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ለውጥም በአብዛኛው የጡንቻ መወፈር ሳይሆን ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ መልመዱ ነው፤ ከኃይል በፊት ትልም ማቅናትን ያስቀደሙ ገበሬዎች የጀመሩት ከትክክለኛው ቦታ ነበር።

እነዚያን መድፍ ጎታች 500 ሰዎችስ ማን አሠለጠናቸው የሚል ይኖራል። ጀማሪዎች አልነበሩም፤ አብዛኛው ከልጅነቱ በዚሁ ሥራ የጠነከረ የገበሬ ልጅ ነው። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላው ነው፦ ሥራ ሥልጠና አይደለም። ይህን እቀበላለሁ። አጀማመሩ ብልህ ነበር፣ የተከተለው ግን ምሕረት አልነበረውም። በክረምት መግቢያ እርሻው ሲበረታ ጎተራው ይጎድላል፤ ሰውነት ብዙ በሚጠየቅበት ወቅት ትንሽ ይበላል። በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ልጅቷ ውኃ መቅዳት የምትጀምረው በትንሽ ዕቃ ነው፣ እያደገች ስትሄድ እንስራው ያድጋል፤ እስከዚህ ድረስ ከወንድሟ ትምህርት አይለይም። ከዚያ በኋላ ግን እንስራው አያንስም፤ ብታረግዝም፣ ብትታመምም፣ ምንጩ ቢርቅም ያው ነው፤ ከምንጭ ስትመለስም ወፍጮው ይጠብቃታል። ዛሬ ጂም ውስጥ ብረቱን ጀርባዋን ሲያማት የምታቀልለው፣ ሲደክማት መሬት አስቀምጣው የምትሄደው ሴት እናቷ ያላገኘችውን አግኝታለች።